እማዬን ስምንት ዓመት ያስረጃት ፎርም

2024 ሐምሌ ላይ ነው። የአሜሪካ ሲቲዝን ከሆንኩ ዓመት አልፎኛል፣ እማዬ ግን አሁንም ደሴ ናት። ሲቲዝን የሆነ ልጅ 21 ዓመት ከሞላው ለወላጁ ማመልከት ይችላል። እንደ ወንድምና እህት ዓመታት የሚያስጠብቅ የኮታ ወረፋ የለበትም። “ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?” ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ።

ሎየር ልያዝ ወይስ ራሴ ልሙላው እያልኩ ነዋ! ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያነጋገርኩት ሎየር ከፎርሙ እስከ ኢንተርቪው 3,000 ዶላር አለኝ፣ የመንግሥት ክፍያ ሳይጨምር። ሆም ኬር ለምሠራ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለቤተሰብ የሚያመለክቱበትን ፎርም፣ አይ-130 የሚሉትን፣ ከፍቼ አየሁት። እውነቱን ለመናገር አያስፈራም። ስም፣ አድራሻ፣ የት ሠራሽ፣ አግብተሻል ወይ። የመንግሥት ክፍያው ያኔ በኦንላይን 625 ዶላር፣ በወረቀት 675 ነበር።

ጓደኛዬ ደግሞ “በ400 ዶላር የሚሞላ አበሻ አለ” ብላ ወሰደችኝ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ጠበቃ ግን አይደለም። የነገርኩትን ከመጻፍ አልፎ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። እሱ ግን ታሪኬን ሰምቶ “ችግር የለም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ” አለኝ። ሆዴ ፈራ።

ታሪኬ እንዲህ ነው። ዲቪ ሲደርሰኝ ፎርሙን የሞላልኝ ደሴ ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ ነበር። የእናትሽ የትውልድ ቀን ሲለኝ “ሰኔ 13፣ 1948” አልኩት። እሱም ጁን 13፣ 1948 ብሎ ቁጭ አደረገው። የእኛ ሰኔ 1948 በፈረንጅ 1956 ነው። ስሟንም ስጠራት የሰማውን “እታለም” አለው፤ ፓስፖርቷ ዘነበች ይላል። ያኔ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ግን ያው ኤምባሲ ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ማየት ይችላል።

150 ዶላር ከፍዬ ሌላ ጠበቃ ጋ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ የድሮውን ፎርም ኮፒ በእስክሪብቶ እየነካካች አነበበችው። “ከስህተቱ ጋር ለማስማማት ብለሽ ሌላ ስህተት እንዳትጽፊ” አለችኝ። እውነተኛውን ጻፊ፤ እንዴት እንደተሳሳተ በአንድ ገጽ አስረጂና ፈርሚ፤ የልደት ሰርተፊኬትሽን፣ የትምህርት ቤት ካርድሽን፣ እናትሽን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ምስክርነት አያይዢ። ዲኤንኤ ካልጠየቁሽ አትጀምሪው። “የቀረውን ራስሽ ትችይዋለሽ” ብላ አሰናበተችኝ። ደንበኛ የሚመልስ ጠበቃ አይቼ አላውቅም!

የእኔ ወረቀት ላይ ያለው ስህተት እንጂ ጥፋት ስላልሆነ ነው እንጂ፣ እስር፣ የዲፖርቴሽን ኬዝ ወይም ሆን ተብሎ የተነገረ ውሸት ቢኖርበት 3,000ውን ተበድሬም እከፍል ነበር።

ለእማዬ ስደውል ስሟ አላስጨነቃትም። “ስምንት ዓመት አስረጅተሽኝ ነው የከረምሽው?” ብላ ተቆጣች።

ምስክርነቱን ታላቅ እህቷ ጻፈችልኝ። በስኩዌር ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። “እህቴ ዘነበች የተወለደችው በ1948 በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ውኃ ያሞቅኩት እኔ ነኝ” ይላል። ወደ እንግሊዝኛ ስናስተረጉመው ከጎኑ ጁን 20፣ 1956 አስጻፍኩበት።