መቶ ፍሬ ምስር

እማን አልማዝ ባለጭራ ከያዛት ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ፤ የነርቭ ሕመሙ ግን ከግራ ጎኗ አልነቀል አለ። የሚገርመው፣ ጋቢ ተጭኗት ትተኛለች፤ የሻርፕ ጫፍ ዳበስ ሲያደርጋት ነው የምትጮኸው። የደሴ ብርድ ደግሞ ያለ ልብስ አያስቀምጥም። ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሰፈሩን ሲውጠው ሁለታችንም ቁጭ ብለን እናነጋለን።

ባለፈው ሲያትል ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። «የካናቢስ ዘይት ልላክላት? እዚህ በየሱቁ አለ።»

«ምንድን ነው?» አለች እማ።

«ሐሺሽ» አልኳት ሳላስበው።

«አስተግፊሩላህ!»

በአገራችን ሕግ ክልክል ነውና ወሬው እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔን ግን ባይከለከልስ ኖሮ የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ። ስፌቱን ትቼ ስልኬ ላይ ማንበብ ያዝኩ። ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ሥር የሰደደ የነርቭ ሕመም ባለባቸው 1,750 ሰዎች ላይ የተሠሩ 16 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። አብዛኞቹ የሞከሩት አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ነው እንጂ የሱቅ ዘይት አይደለም።

እማ ምስር ስትለቅም ሰፌዱ ላይ ቆጠርኩላት። ካናቢሱን ከወሰዱ መቶ ሰዎች ሕመማቸው ቢያንስ በሲሶ ግድም የቀነሰላቸው 39። መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው መቶ፣ 33። ቀጥዬ እንደ ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ያለ የጎንዮሽ ጉዳት የገጠማቸውን ቆጠርኩ፦ ከካናቢሱ 61፣ ከማስመሰያው 29።

«ስድስት ፍሬ ላገኝ ሠላሳ ሁለት ልከፍል?» ብላ ምስሩን ከድስቱ ጨመረችው።

ማዞርና ሕመም በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ አውቃለሁ። ከስድስቱ አንዷ እሷ ብትሆንስ? ግን ቤታችን ቁልቁለት ላይ ነው፣ ደረጃው አሥራ አራት፣ እሷ ደግሞ ሰባ አንድ። እንግሊዝ ውስጥ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስም በ2019 እ.ኤ.አ. ለሥር ሰደድ ሕመም እንዲህ ያለ የካናቢስ መድኃኒት አትዘዙ ብሏል።

አሁን ለነርቭ ሕመሟ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ትውጣለች። የድብርት መድኃኒትም እንደሆነ ስትሰማ «እኔ ምን ደብሮኝ?» ብላ ተቀይማ ነበር። አፏን ያደርቀዋል፤ እስከ ሱብሒ ግን ታስተኛታለች።

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ቀሚሷን የስፌቱ ጠርዝ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጌ ሰፋሁላት። ጎረቤቶች «ገልብጠሽ ለብሰሽዋል» ይሏታል።

«ልጄ ናት የገለበጠችው» ትላቸዋለች።