ውሃ መጣ!

ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሳክስፎን መለማመጃ ከመታጠቢያ ቤት የተሻለ ክፍል የለም። ሴራሚኩ ቀጫጭኑን ድምፅ ሳይውጥ ስለሚመልሰው በአንድ ትንፋሽ ስንት ድምፅ እንደወጣ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ክፋቱ፣ ቱቦዎቹ የሚወርዱበት ሻፍት ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ አንድ ነው።

ቀኑ የፈረቃችን ነበር፤ ማለትም ውሃ ይመጣል ተብሎ የማይመጣበት ቀን።

የያዝኩት መልቲፎኒክ ነው፤ ከአንድ ቴነር ሳክስፎን ሁለት ሦስት ድምፅ በአንዴ ማውጣት። የሳክስፎኑ መጨረሻ ወፍራም ኖታ ለሆነው ለታችኛው ቢ ፍላት ቀዳዳው ሁሉ ይዘጋል፣ ከዚያ ለምሳሌ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ብቻ ይነሳል። መሃል ላይ ቀዳዳ ሲከፈት ውስጥ ያለው አየር በረጅሙም በአጭሩም ልርገብገብ ይላል፤ ድምፁም ለሁለት ይሰነጠቃል። ከንፈር ከጠበቀ ቀጭኑ ብቻ ይጮኻል፣ ከላላ ወፍራሙ ብቻ ያጉረመርማል። መሃሉን የሚያገኘው ጉሮሮና የምላስ ጀርባ ነው እንጂ መንከስ አይደለም። ለዚህ ነው አስቀድሞ ጣት ሳይነቃነቅ ከዚያው ቢ ፍላት ላይ ኦክታቩን (ያንኑ ኖታ በቀጭኑ)፣ ቀጥሎ ኤፍ የሚባለውን ኖታ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ኦክታቭ፣ ከዚያ ዲ የሚባለውን ማውጣት የሚለመደው። ይህን የዘለለ ሰው የጣት አቀማመጥ ቢሸመድድ አይያዝለትም፤ አቀማመጡ ራሱ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያልና።

ሲያዝ ግን፣ ደርቆ የሰነበተ ቱቦ ውሃ ሲገባበት አየር እየገፋ የሚያጓራውን ቁርጥ ነው።

ከታች አንድ ድምፅ ጮኸ፦ «ውሃ መጣ!»

ሳክስፎኑን ጥዬ ወደ ባንቧው ሮጥኩ። ጠብ የሚል የለም። መልሼ ነፋሁ። «መጣ! መጣ!» ደረጃው በጀሪካን ኳኳታ ተሞላ። እኔም እንደገና ባንቧ ከፈትኩ። ጎረቤት ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ተስፋ ቆርጬ ስላፕ ወደሚባለው አነፋፍ ተሻገርኩ። ስላፕ በምላስ መምታት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገሩ መምጠጥ ነው። ምላስ ጠፍጣፋ ሆኖ ሪዱ ላይ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ ላይ፣ ይለጠፋል፣ አየሩን መጥጦ ይይዛል፣ ከዚያ በድንገት ይላቀቃል። መጀመሪያ ሪዱን ብቻ ፈትቶ መሞከር ነው፤ እጅ ሲለቀው ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ መምጠጡ ሠርቷል። ደረቅ ሪድ ግን አይለጠፍም። በታችኛው ቢ ፍላት ሲመታ «ጧ» ይላል፤ በሻፍት ሲወርድ ባዶ በርሜል ውስጥ የሚወድቅ ጠብታ ይሆናል።

«መንጠባጠብ ጀመረ! ባልዲ አምጡ!»

ለነገሩ እኔ አልሰማሁም፤ ትንፋሽ ሳይቋረጥ መንፋት ወደሚባለው አልፌ ነበር። ጉንጭ አየር ይቋጥራል፣ ጉንጩ ያንን ሲገፋ በአፍንጫ ይሳባል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መቀያየሪያው ላይ ነው፤ ጉንጩ ባዶ ከሆነ በኋላ የሚስብ ሰው ድምፁ ይቆረጥበታል። እንግሊዛዊው ሳክስፎን ነፊ ኢቫን ፓርከር በሶፕራኖ ሳክስፎን ሲነፋ ስፌቱ የት እንደሆነ አይታወቅም። ጀማሪ ግን ሳክስፎን ሳይነካ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀጭን ስትሮ ከትቶ አረፋው እንዳይቋረጥ ይለማመዳል።

እማማ በሩን በርግደው ሲገቡ ያገኙኝ እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። አንድ እጃቸው ላይ ባዶ ጀሪካን፣ እኔ ፊት ሙሉ ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ።

«ሰው ውሃ አጥቶ አንተ ትጫወትበታለህ?»

«ልምምድ ነው እማማ።»

ሳክስፎኑን አዩት፣ ቱቦውን አዩት፣ ገባቸው። «አንተ ልጅ፣ ጌታቸው መኩሪያም ይነፋ ነበር! ሽለላውን ሲለቀው ያስፎክራል እንጂ ባልዲ አያስይዝም።»

«ጌታቸውስ ቢሆን በ2006 እ.ኤ.አ. ከሆላንዶቹ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር አልበም አውጥቷል እኮ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ለእነሱ ብርቅ አይደለም።»

«ሆላንድ ውሃ አይጠፋማ!»

መልስ አልነበረኝም። በፈረቃ ቀን ሰብቶን የሚባለውን የታፈነ ድምፅ ብቻ እንድነፋ ተስማማን። ታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ሳብ ይላል፣ ከንፈር ወደ ሪዱ ጫፍ ተጠግቶ ያፍነዋል፣ ከድምፁ ይልቅ ትንፋሹ «ሽሽሽ» እያለ ይወጣል። ከላይኞቹ ኖታዎች ይልቅ ከታችኛው ዲ በታች ነው የሚያምረው። የሞት ሞቴን ቀስ ብዬ ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከደረጃው ሥር ተጣሩ፦ «ልጄ! ያንተ ሲሊንደር ያፈሳል መሰለኝ፣ ክብሪት እንዳትጭር!»