ሂዩማን ፋክተርስ ልማር ያለ ሰው መጀመሪያ ጥሩ ጫማ ይግዛ

ሂዩማን ፋክተርስ ኤንድ ኧርጎኖሚክስ አዲስ አበባ ላይ መማር ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ጥሩ ጫማ ግዛ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ትምህርቱ ስራና መሳሪያ ለሰው እንዲስማማ ማድረግ ነው፣ የሰው ጭንቅላት፣ የሰው አካልና ማሽን የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ሶስቱ ሶስት ግቢ ተበታትነዋል፤ ሳይኮሎጂው ስድስት ኪሎ፣ ኢንጂነሪንጉ አምስት ኪሎ፣ ፐብሊክ ሄልዙ ጥቁር አንበሳ። እኔ ማስተርሴን የምሰራው ኢንደስትሪያል ኢንጂነሪንግ ነው፣ ቴሲሴ ግን ኧርጎኖሚክስ ላይ ስለሆነ ያለፈውን አመት ያሳለፍኩት ከአምስት ኪሎ ወደ ላይ በእግር ከዛ ደግሞ በፒያሳ በኩል ወደ ታች በታክሲ እየተመላለስኩ፣ የማላውቃቸውን መምህራን በር እያንኳኳሁ ነው። ደግነቱ አብዛኛው ሰው አያባርርም። አንዲት ሌላ ግቢ ያሉ መምህርት እንደውም የራሳቸው ተማሪ ከመሰልኳቸው በኋላ ነው ስሜን የጠየቁኝ።

ሰው ግን "እሱ ትምህርት እዚህ የለም፣ ውጪ ሂጂ" ነው የሚለው። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማ ነው ዛሬ የምጽፈው፣ ትንሽ ሊረዝም ይችላል።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው ለሚል። አዲስ አበባ ላይ ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ መጋቢት 1 ቀን 2011ን የረሳ የለም። ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 157 ሰው ነው የጨረሰው፣ ከዛ በፊት አምስት ወር እንኳን ሳይሞላ ኢንዶኔዥያ ላይ ያው አይነት አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ወድቋል። ኤምካስ የሚባለው ሲስተም ከአንድ ሴንሰር ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ነበር። ያኔ ውጪ ሚዲያ ላይ ፓይለቶቻችን ላይ ጣት ሲቀስር የነበረው ስንቱ ነው፣ ታስታውሳላችሁ አይደል። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ራሱ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 2019 ያወጣው ሪፖርት ላይ ምን አለ፣ ቦይንግ ፓይለቱ እንዲህ ያደርጋል ብሎ ሲገምት ኮክፒቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚመጣውን የማስጠንቀቂያ መአት በደንብ ከግምት አላስገባም አለ። መሪው እጅህ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ፍጥነቱ አይስማማም፣ ከፍታው አይስማማም የሚል እየበራ፣ አውሮፕላኑ እየወረደ ሰው የቱን ቀድሞ ያያል? ጥያቄው የሳይኮሎጂ ነው፣ መልሱን ዲዛይኑ ውስጥ የሚያስገባው ግን ኢንጂነር ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ምን እንደሚሆን አይተናል።

ሲጀመርም እንዲህ ነው የተጀመረው። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚያበሩ ፓይለቶች ካረፉ በኋላ ፍላፕ (ክንፉ ላይ ያለውን ተጣጣፊ ክፍል) ልመልስ ብለው ጎማውን ያጥፉት ነበር፣ ግዴለሽነት ነው ተባለ። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ሳይኮሎጂስት ሄዶ ሲያይ ሁለቱ ማብሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው። አንዱ ላይ የጎማ ቅርጽ ያለው ነገር ሌላው ላይ ሽብልቅ የሚመስል ነገር አደረገበት፣ በቃ፣ እጅ ሳያይ ይለያል። ለዛ ነው አሜሪካ ያሉትን ፕሮግራሞች ብታዩ አንዳንዱ ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት ውስጥ አንዳንዱ ኢንደስትሪያል ኢንጂነሪንግ ውስጥ የሚገኘው፣ እነሱም ጋ የተበታተነ ነው እኛ ብቻ አይደለንም።

እዚህ ለመግባት ያለውን ቶሎ ልበል፤ ጋት የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለባችሁ፣ ከዛ እንደ ባክግራውንዳችሁ ከሶስቱ በሮች አንዱን ትመርጣላችሁ። ከኢንጂነሪንግ የመጣ ሰው ስታትስቲክሱን ይናቀዋል፣ አትናቁት፣ አንድን ሰው ደጋግመህ ስትለካ የሚያስፈልገው ስታትስቲክስ የፋብሪካ ኳሊቲ ኮንትሮል አይደለም። ከሳይኮሎጂ ለሚመጣ ደግሞ ባዮሜካኒክስ (ሰውነት ላይ የሚያርፈውን ኃይል የሚያጠናው) ላይ የሞመንት ሂሳብ ይጠብቀዋል። ኢቲካል ክሊራንስ ደግሞ አለ። ማሽን ስትለካ ማንንም አታስፈቅድም፣ ሰው ልለካ ስትል ግን ፕሮፖዛልህ በኮሚቴ ይታያል፣ ወረቀቱ እስኪመጣ ደግሞ ትጠብቃለህ፣ አሰልቺ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ቴሲሴ መርካቶ ላይ ጭነት የሚሸከሙ ሰዎች ላይ ነው። ፕሮፖዛል ስጽፍ በጣም ቀላል መስሎ ነበር የሚታየው፣ ምክንያቱም ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የስራ ጤና ተቋም በፈረንጆች 1991 ያሻሻለው የማንሳት ቀመር አለ፣ ሁሉም መጽሐፍ ላይ አለ። ቀመሩ የሚነሳው ከ23 ኪሎ ነው፤ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ፣ እቃው ሰውነትህ አጠገብ ሆኖ፣ ከመሬት 75 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ሳትጠመዘዝ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ስታነሳ 23። ከዛ በራቀ፣ በወረደ፣ በበዛ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፣ ምንም ሳትቀንስ ከሁለት እጥፍ በላይ። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ነው፣ ከአራት እጥፍ በላይ። ሰንጠረዡን ሰርቼ አድቫይዘሬ ጋ ሄድኩ፣ ቀና ብሎ አየኝና "እነሱ ያነሳሉ እንዴ?" አለኝ። እውነትም አያነሱም። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያነሳና ተሸካሚው ጀርባ ላይ ይጭንለታል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ይሮጣል። ቀመሩ ደግሞ በሁለት እጅ ማንሳትን እንጂ ተሸክሞ መሄድን አይመለከትም፣ ራሱ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ስለዚ የመጽሐፉ ዋና መሳሪያ መርካቶ ሲደርስ ስራውን ጨረሰ።

ሌላ ምን አለ? ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሰራው የድካም መለኪያ አለ፣ ከ6 እስከ 20። 6 ምንም አልደከመኝም፣ 20 ከዚህ በላይ አልችልም። ከ6 የሚጀምረው ቁጥሩን በ10 ስታበዛው ወደ ልብ ምት እንዲጠጋ ነው፣ ከ60 እስከ 200። በጣም የምወደው መሳሪያ ነው፣ ወረቀትና እስኪርቢቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ይዤው ሄድኩ። መጀመሪያ "ከወረዳ ነሽ?" ነው ጥያቄው፣ ፎርም የያዘ ሰው ሲያዩ ወይ ግብር ነው ወይ ደንብ አስከባሪ ነው የሚመስላቸው፣ እሱን አሳልፈን አንድ ጋሼ ጋ ተቀመጥን፣

"ጋሼ፣ አሁን ያወረዱት ከ6 እስከ 20 ቢባል ድካሙ ስንት ይሆናል?"
"ተመስገን ነው ልጄ።"
"አይ ድካሙን ነው።"
"ድካምማ ያው ነው፣ እየሰራን ነው፣ ምን ይባላል።"
"እሺ በቁጥር ቢነግሩኝ..."
"20 በይው።"
"እውነት 20 ነው?"
"ትልቁ እሱ ነው ብለሽኝ የለ፣ እንዳይጎድልብሽ ብዬ ነው።"

ሳቅኩኝ ግን ቤት ስገባ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ዳታዬ ሁሉ ወይ ተመስገን ወይ 20 ሊሆን ነው። ደህና ነህ ወይ ሲባል ተመስገን ማለት ያደገበት ሰው በዛ ላይ ወገቤን አመመኝ ካለ ነገ ስራ የሚነፍገው አለቃ አጠገቡ ቆሞ ቁጥር ስጠኝ ብትለው ምን ይበልህ። የኖርዲክ መጠይቅ የሚባለውም እንደዛው ነው፣ ባለፉት 12 ወራት የት የት ጋ አሞህ ያውቃል ይላል፣ ሰው ደግሞ 12 ወር ብሎ አይቆጥርም፣ ካምናው መስቀል ወዲህ ስትለው ነው ትዝ የሚለው። እነዚህ መጽሐፍ ላይ የሉም፣ ፈረንጅ አገር ላብ ውስጥ ብሆን ደግሞ መቼም አላገኛቸውም ነበር።

ያደረግኩት ምንድነው፣ ቁጥሩን ትቼ የሚያውቁትን ድካም አስቀመጥኩ። ታች ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት። ከዛ ቸርቸር ጎዳናን ከለገሃር እስከ ፒያሳ በባዶ እጅ መውጣት። ከዛ ግማሽ ኩንታል ይዞ ያንኑ መውጣት። እንዲህ እያልኩ "የአሁኑ ከየትኛው ይቀርባል?" ስላቸው ይከራከራሉ፣ "አይ ከቸርቸሩ ይበልጣል ከሁለተኛው ግን ያንሳል" ይላሉ፣ ለብቻችን ስንሆን ነው ታዲያ፣ አለቃ በሌለበት። አድቫይዘሬ መጀመሪያ ፊቱን አኮሳተረ፣ ከልብ ምት ጋር አስተያይተሽ አምጪ አለኝ፣ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት ቀበቶ ተውሼ እየሞከርኩ ነው። ገና ሙከራ ላይ ስለሆንኩ ሰራ ብዬ አልፎክርም፣ ግን ቢያንስ ሁሉም 20 አላሉም።

የሰውነት ልክም ሌላ ጉድ ነው። ዲዛይን ኮርስ ላይ የወንበር፣ የጠረጴዛ፣ የመደርደሪያ ከፍታ የምናወጣበት ሰንጠረዥ የአሜሪካ ጦር በፈረንጆች 2012 አካባቢ የለካው ነው፣ 4,082 ወንድና 1,986 ሴት። እጅግ ጥሩ ስራ ነው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ወታደር ነው፣ የተመረጠ፣ የጠገበ፣ ስፖርተኛ። ፒያሳ ያለ ልብስ ሰፊ የሚቀመጥበትን ዱካ በአሜሪካ ወታደር የጉልበት ከፍታ ልክ ሰርተን ተመቸህ ወይ እንለዋለን። ቴሲስ ርዕስ አጣሁ የምትሉ ሜትር ይዛችሁ ውጡ እባካችሁ። መሳሪያ የለም የሚለውም ሰበብ ነው፣ የሰውነት አቀማመጥ ነጥብ የሚሰጡት እነ ሩላ በስልክ ቪዲዮ ይሰራሉ፣ አንግሉን ኪኖቪያ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር መለካት ይቻላል፣ ስታትስቲክሱም አር በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይሰራል። የጡንቻ ኤሌክትሪክ የሚለካው ብቻ ነው እጄ ላይ ያልገባው።

ውጪ አትሂዱ እያልኩ አይደለም። እንግሊዝ ላፍብራ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግስት ስኮላርሺፕ ደግሞ የሁለት አመት የስራ ልምድ ይፈልጋል፣ ከጨረስክ በኋላም ሁለት አመት አገርህ ተመልሰህ እንድትቀመጥ ያስገድዳል። አሜሪካ ከሆነ የሙያ ማህበሩ እውቅና የሰጣቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር እዩ፣ ኮርስ ብቻ የሆነ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ኪስ ነው፣ ገንዘብ ያለው ሪሰርች ያለበት ጋ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። የመርካቶን ዳታ ይዘህ ለፒኤችዲ ኢሜይል ስትጽፍ ፕሮፌሰሩ እሱ የሌለው ነገር እንዳለህ ያያል፣ ባዶ እጅህን ከሄድክ ግን የሱን ዳታ ስትቆጥር ትኖራለህ፣ ጥያቄውም የሱ ነው የሚሆነው።

ስራ አለው ወይ? በዚህ ስም የወጣ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። ያሉት ሴፍቲ ኦፊሰር፣ ፋብሪካ ውስጥ ኢንደስትሪያል ኢንጂነር፣ አፕ የሚሰሩት ጋ ዩኤክስ ዲዛይነር (አፑ ለተጠቃሚው እንዲመች የሚያደርግ) ናቸው፣ ሶስቱም ጋ ግን የምትሰራው ይሄንኑ ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁም፣ ቁጥር 1156/2011፣ አሰሪው የሰራተኛውን ደህንነትና ጤና እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል፣ ስለዚ ቢያንስ ለቃለ መጠይቅ የምትጠቅሱት አንቀጽ አላችሁ። እኔ እራሴ ሲቪዬ ላይ ኢንደስትሪያል ኢንጂነር ነው የምለው፣ ኧርጎኖሚስት ብዬ ያስገባሁበት አንድ መስሪያ ቤት ኤችአሯ ደውላ "ኢኮኖሚስት ለማለት ነው አይደል?" ብላኛለች።