የተቆረጠችው ሽቦ

ልጁ ጊታር መጠገኛ ሱቃችን የመጣው "ፒክአፕ ቀይሩልኝ" ብሎ ነው። ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የጊታሩ ክፍል ነው። ማታ ማታ ክለብ ውስጥ ቤዝ ይጫወታል። የያዘው በፌንደር ጃዝ ቤዝ ቅርጽ የተሠራ ባለ አራት ክር ጊታር ነው። ጃዝ ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ሞዴል ስለሆነ ቅጂውም መለዋወጫውም በየአገሩ ሞልቷል። ቤታቸው ቁጭ ብለው ቤዝ ማሻሻል የሚወዱ ሰዎች አብዝተው የሚመርጡትም ለዚህ ይመስለኛል።

እሱም ብዙ ነገር ለውጦበታል። አሜሪካ ያለች እህቱ ሁለት ፒክአፕና በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ፣ ማለትም ድምፁን ጊታሩ ውስጥ ቀድሞ የሚያጎላ ዕቃ፣ ልካለታለች። ክሮቹ የሚታሰሩበትን የድሮውን ብሪጅ አውልቆ ከባድ የናስ ብሪጅ አስሮበታል። የውስጡን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ለብጦታል። ሥራው ንጹሕ ነው። ቴፑ የተደራረበበት ቦታ ሁሉ በሊድ ተያይዟል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መሬት እንዳይነካው ሳስቶ የያዘው ዕቃ መሆኑ ያስታውቃል።

ግን ያ ሁሉ ተደክሞበት ጊታሩ "እምምም" ማለቱን አልተወም። ባትሪውም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ልጁ ፒክአፖቹም ባትሪዎቹም ፎርጅድ ናቸው ብሎ ደምድሟል። ሌላ ፒክአፕ ለማስመጣት ብር እያጠራቀመ ነበር።

አለቃዬ ጊታሩን ገልብጠው አዩትና "ቆይ፣ ብርህን አታውጣ። መጀመሪያ እንለካው" አሉት።

የባትሪው ነገር ብዙም አላስቸገረንም። ፕሪአምፕ ያለው ቤዝ ላይ ማብሪያ ማጥፊያው ብዙውን ጊዜ ጃኩ፣ ማለትም የገመዱ መሰኪያ፣ ራሱ ነው። ጃኩ ስቴሪዮ (ባለ ሦስት መነካኪያ) ይሆንና የባትሪው ጥቁር ሽቦ መሐለኛው መነካኪያ ላይ ይበየዳል። የጊታር ገመድ ሞኖ (ባለ ሁለት መነካኪያ) ስለሆነ ሲሰካ ያንን መነካኪያ ከግራውንዱ፣ ማለትም ከጊታሩ የጋራ መመለሻ መስመር፣ ጋር ያገናኘዋል፤ ፕሪአምፑም ይበራል። ገመዱ ሲነቀል ይጠፋል። የዚህ ልጅ ጥቁር ሽቦ ግን ቀጥታ ግራውንዱ ላይ ነበር የተበየደው። ገመዱን ነቅለን መልቲሜትሩን ከባትሪው ጋር በተከታታይ ስናስገባ 1 ሚሊአምፒር ገደማ አነበበ። ደህና የአልካላይን 9 ቮልት ባትሪ 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ይይዛል። ጊታሩ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ማንም ሳይነካው በሦስት ሳምንት ያልቃል ማለት ነው። ሽቦዋን ወደ ቦታዋ አዛወርናት።

"ስለዚህ ባትሪው ደህና ነበር ጋሼ?" አለ ልጁ።

"ደህና ነበር። ፒክአፑም ደህና ሳይሆን አይቀርም" አሉት።

ወደ ጩኸቱ ሄድን። የጃዝ ቤዝ ሁለቱ ፒክአፖች እርስ በርስ በተቃራኒ የተጠመጠሙ ናቸው። ሁለቱም ቮልዩም እኩል ሲከፈት አንዱ የያዘውን የመብራት ጩኸት ሌላው ያጠፋዋል። ከፈትናቸው። ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ አለቃዬ እጃቸውን ክሮቹ ላይ አሳረፉ። ምንም ለውጥ የለም። የጃኩን ብረት ሲነኩ ግን ጩኸቱ ወዲያው ወረደ። ክሮቹ ከግራውንዱ ጋር አልተገናኙም ማለት ነው። የተጫዋቹ ሰውነት ራሱ የመብራቱን ሞገድ ይሰበስባል። ክሮቹ ግራውንድ ላይ ካሉ እጁ ሲያርፍባቸው ሰውነቱ አብሮ ግራውንድ ይሆንና ጩኸቱ ይቀንሳል። ይህን ለማወቅ መሣሪያም አያስፈልግም፤ ቤዝ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

ክሮቹን ከግራውንዱ ጋር የምታገናኘው ከብሪጁ ሥር የምትነሳ ሽቦ ናት። እኔ ብሪጁ ሲቀየር ሽቦዋ ወደ ቀዳዳዋ ገብታ ቀርታ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እሱ ነው። ብሪጁን አነሳነው። ሽቦዋ ጫፏ ተልጦ ብረቱ ሥር በሥርዓት ተኝታለች። በሌላው ጫፍ ስንሄድባት ግን ቮልዩሙ ጋ ሳትደርስ ተቆርጣለች። በመቁረጫ። ጫፏም በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል።

"ይቺን ማን ቆረጣት?" አሉ አለቃዬ።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና "እኔ ነኝ ጋሼ" አለ።

ነገሩን ነገረን። ክለቡ ውስጥ አጃቢ ድምፅም ይሰጣል። አንድ ማታ እጁ ክሩ ላይ እያለ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ኮረንቲ ነዘረው። ሌላም ቀን ተደገመ። አንድ ሌላ ሙዚቀኛ "የክሩን ግራውንድ ቁረጠው፣ ይተውሃል" አለው። ቆረጠው፤ ንዝረቱም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግን ጊታሩ ይጮሃል። የመዳብ ቴፑ፣ አዲሱ ፒክአፕ፣ ፕሪአምፑ፣ ሁሉም የተገዛው ያንን ጩኸት ለማጥፋት ነው። ለእሱ ግን ንዝረቱና ጩኸቱ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ነበሩ።

ሽቦዋን ለመበየድ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። አለቃዬ ግን መበየጃውን አላነሱም። "ይቺን ቀጥለን ብንሰጠው ዛሬ ማታ እዚያው መድረክ ላይ ይወጣል" አሉኝ። ከእሳቸው ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ የዚያን ቀኑን ግን ከሁሉም አስበልጬ እይዘዋለሁ።

ከሰዓት ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ጋር ክለቡ ሄድን። የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ፣ ማለትም የሚያፈስ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር፣ አለው። ከሶኬቱ እስከ መድረኩ የተዘረጋው ማከፋፈያ ግን በውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። የቤዝ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ባለ ሦስት መስመር ነው፤ ሦስተኛው መስመር ማከፋፈያው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። የማይኩ ሚክሰር ደግሞ በሌላ መስመር ኧርዝ ላይ ነው። ኧርዝ ያጣ አምፕ በውስጡ ካሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ትንሽ ትንሽ ኮረንቲ ወደ ብረት አካሉ ያሾልካል። ያ በገመዱ ተጉዞ ጊታሩ ግራውንድ ላይ ይደርሳል። ከማይኩ ጋር የሚያገናኘው የልጁ ሰውነት ነው። ለሙከራ የክሩን ሽቦ በጊዜያዊነት አገናኝተን በክሩና በማይኩ መካከል ስንለካ ከ100 ቮልት በላይ አሳየ። እንዲህ ያለው ፍሳሽ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ነዝሮ ይለቃል። አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቶ የ220 ቮልቱ መስመር ከብረቱ ጋር ቢነካካ ግን ሰው ይገድላል።

የክሩን ግራውንድ መቁረጥም መከላከያ አይደለም። የጃኩ ብረት፣ የቮልዩሙ ኖብ ብረት ከሆነ እሱም፣ የገመዱ ጫፍም ያው ግራውንድ ላይ ናቸው። አንድ ቀን እጅ እዚያ ያርፋል። ይህ ምክር በሙዚቀኞች መካከል እንደ ዘዴ ሲነገር ስሰማ አሁንም እበሳጫለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ ማከፋፈያውን ባለ ሦስት ሽቦ አደረገው። መስመሩ ላይም በ30 ሚሊአምፒር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ገባ። የክለቡ ባለቤት መጀመሪያ በዋጋው አጉረምርመው ነበር፤ መልቲሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሲያዩ ግን ከፈሉ። ደግመን ስንለካ በክሩና በማይኩ መካከል የቀረ ነገር አልነበረም። የጊታሩን ሽቦ የበየድናት ከዚያ በኋላ ነው። ጩኸቱም አብሮ ሄደ።

አሁን ጩኸት አለው የተባለ ቤዝ ሲመጣ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት የት እንደሚጫወትና ማይክ ነዝሮት ያውቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ለጥያቄው "አዎ" የሚለው ሰው ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነው።

ልጁ ጊታሩን ሊወስድ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ነበረው። የድሮ ዘፈኖች ላይ ያለውን ወፍራምና ድፍን ያለ የቤዝ ድምፅ ይፈልጋል። ሌላውን ፒክአፕ ሊገዛ ያሰበው ለዚያም ጭምር ነበር። አለቃዬ ላዩ ለስላሳ የሆነውን ፍላትዋውንድ ክር አሳዩት። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጀምስ ጀመርሰን ይጫወትበት የነበረው የክር ዓይነት እሱ ነው። ዋጋው ከፒክአፕ ጋር አይወዳደርም፤ ድምፁን ግን ከፒክአፕ በላይ ይለውጠዋል ባይ ነኝ። ያጠራቀመውን ብር አብዛኛውን ይዞ፣ ክሩን ገዝቶ ሄደ።