ትንሿ ኪስ

ዛሬ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ ስሄድ የታክሲው ረዳት ሁለት ብር ዝርዝር ጠየቀኝ። ዝርዝሩስ አለኝ፤ ችግሩ፣ ያለው በጂንስ ሱሪዬ ትንሿ ኪስ ውስጥ ነው። ተቀምጦ ከእሷ ሳንቲም ለማውጣት የታገለ ያውቀዋል፤ ሁለት ጣት ይገባል፣ ሌላው ውጭ ይቀራል፣ አጠገብ የተቀመጠው ሰው በክርን ይደቆሳል። በስንት መከራ ሁለቱ ሳንቲሞች ወጡ። አብሯቸውም ሳምንት ሙሉ ቤት ያመስኩለት የሻንጣ ቁልፍ! ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ።

ኪሷስ የተሠራችው ለሰዓት ነበር። ጂንስ ሠሪዎቹ ሌቪ ስትራውስና ጃኮብ ዴቪስ የሱሪ ኪስን በብረት ለማጠናከር የፈጠራ መብት ባገኙበት በ1873 እ.ኤ.አ. ሰዓት የሚያዘው በኪስ ነበር፤ በሰንሰለት ታስሮ። የእኔ ሰዓት ስልኬ ላይ ነው። ቁልፉን ግን መልሼ እዚያው ከተትኩት።