ከቡፌው ጀርባ

ጥር ላይ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሊገዙት ያሰቡትን ቤት እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ሳይት በማልወጣባቸው ቀናት፣ ገዢዎች ውል ከመፈራረማቸው በፊት አሮጌ ቤት አይላቸዋለሁ። ሁለት ገጽ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ 5 ሺህ ብር እቀበላለሁ።

እትዬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። "ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለ" ብለው ሸጡትና መሬት ላይ ያለ ቤት ፍለጋ ገቡ። ያገኙት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለ፣ የድንጋይ መሠረት ያለው ጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ተለስኖ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። ግቢው ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፣ ጥግ ላይ የኮክ ዛፍ አለ። እትዬ ገና በሩ ላይ ቆመው ልባቸው ገብቷል። ፊታቸው ላይ ይነበባል።

ሻጩ ጋሼ እንግዳ አክባሪ ናቸው። ስንገባ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ባለቤታቸው ቡና እየቆሉ ነው። ጭሱን ዞር ዞር አድርገው አሸተቱን። እኔም እንደ ወጉ በእጄ ወደ አፍንጫዬ ሳብ ሳብ አደረግሁት። ይህቺን ያዙልኝ።

ጣሪያውን ወጥቼ አየሁ። አሸንዳው አንድ ቦታ ከመላቀቁ በቀር ቆርቆሮው ደህና ነው። ኮርኒሱ ላይ የፍሳሽ ምልክት የለም። በሮቹ ይገጥማሉ። ሳሎኑ ውስጥ፣ በተራራው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሚደርስ ቡፌ ተገትሯል። ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ የልጆች የምርቃት ፎቶ። "ይቺን ትንሽ ፈቀቅ ብናደርጋትስ?" ልል አፌ ላይ ደረሰ። ግን አቦሉ እየተቀዳ ነው፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ መጎተት እንዴት ይሆናል? ይሉኝታ ያዘኝ። በረካውን ጠጥተን፣ ተመርቀን ወጣን። ሪፖርቱ ላይ "እርጥበት፦ አልታየም" ብዬ ጻፍኩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስልኬ ጠራ።

"አንተ ልጅ፣ ግድግዳው እያለቀሰ ነው።"

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። እርጥብ እንደሆነ ጓዳ ውስጥ የተረሳ ጆንያ ዓይነት። ቡፌው የነበረበት ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገቤ ጠቁሯል። ከጥቁሩ በላይ ነጭ የጨው ዱቄት እንደ ክር ተጎትቷል። እትዬ ቤቱን ሲረከቡ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቢጫ ነገር አይተው ነበር አሉ። ቀለም ቀቢ ጠሩ። "ይሄማ ቀላል ነው" ብሎ ውሃ አያሳልፍም ያለውን ቀለም ሁለት እጅ ደረበበት። እስከ ሰኔ ጸጥ አለ። አሁን ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ በጣት ይነሳል። ልስኑን በጣቴ አንኳኳሁት፣ ባዶ ሳጥን ይመስል ጮኸ። በቢላ ጫፍ ፈልቀቅ ሳደርገው ከሲሚንቶው ጀርባ ያለው ጭቃ ገና አሁን የተቦካ ነው የሚመስለው።

ጎረቤት ደግሞ "መስኮት ዘግተው እያበሰሉ ነው፣ እንፋሎት ነው" ብሏቸዋል። ክርክር ከማበዛ ብዬ ገና ባልጠቆረው በኩል ላስቲክ በአራት ጎኑ አጥብቄ ለጠፍኩና ለ2 ቀን ተውኩት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ቢያርፍ እንፋሎት ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃ ነበር። ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ተደርድሮ አገኘሁት።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ውጭ ዞርኩ። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ከሥሩ አፈር ተሞልቷል። ብለካው ግቢው ከሳሎኑ ሊሾ 25 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ጭቃውን ውሃ እንዳይነካው ተብሎ የተሠራው የድንጋይ መሠረት ተቀብሯል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ጎርፍ መጥቶ የሚቆመው ግድግዳው ሥር ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። ጥር ላይ ወደ ሳሎን ስገባ አንድ እርምጃ ወደ ታች ወርጄ ነበር። ወደ ቤት ሲገባ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ይወረዳል እንዴ? እግሬ ነግሮኛል። አፍንጫዬ ቡናው ላይ ነበረ።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። መንገዱ ወይ ግቢው በተነጠፈ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ቤቱ ባለበት ይቀራል። ውሃው ግድግዳ ውስጥ የሚወጣው ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣው ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይደክመዋል፣ ሲደርቅም ጨውን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ጭቃ ቤት በራሱ ደካማ አይደለም። በጭቃና በኖራ ከተለበጠ ክረምት የጠጣውን በበጋ ያስወጣል። በሲሚንቶና በፕላስቲክ ቀለም ሲታፈን ግን ውሃው መውጫ ያጣል። ወይ ሽቅብ ይወጣል፣ ወይ የባህር ዛፉን ቋሚ ይበላል። "ሲሚንቶ ያጠነክረዋል" እየተባለ ስንቱ ጭቃ ቤት በቁሙ በሰበሰ!

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቡፌውን አላነሳሁም" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። "እኔስ? ፈንዲሻዬን እበላ አልነበር?" አሉ።

5 ሺህ ብሩን መለስኩላቸው፣ አልቀበልም ብለው ብዙ ታግለን። የከነከነኝ ግን እሱ አይደለም። ያን ቀን ቢታወቅ ዋጋውን ይከራከሩበት ነበር፣ ቤቱን ቢወዱትም። ጋሼ ያውቁ ነበር ብዬ አልምልም። ቡፌው እዚያ ቦታ ከቆመ ስንት ዓመቱ።

በክረምቱ የቻልነው ውሃውን የሚያስቀይስ ቦይ መቆፈር ብቻ ነው። ከመስቀል በኋላ ግድግዳውን ተከትለን ኮብልስቶኑን አነሳን። ከሊሾው በታች እስክንደርስ ቆፍረን የተበሳሳ ፓይፕ ቀበርን፣ ላዩን ጠጠር ሞላን፣ ጫፉን ወደ ዲቹ ሰደድነው። ሲሚንቶውን ከውስጥም ከውጭም 1 ሜትር ከ20 ድረስ አራገፍን። ሁለት ቋሚ በስብሶ ተገኘ፣ ተቀየረ። ለሳኙ በሳምንቱ ሊለስን ተነሳ። አይሆንም አልኩት። እርጥብ ግድግዳ ላይ መለሰን ያው ማፈን ነው። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። እትዬ ሦስት ወር ሙሉ የተላጠ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ሲቀበሉ አንድ ቀን አላማረሩም። ጥር ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ መረግነው፣ ኖራ ቀባነው።

አሁን ሪፖርቴ ላይ "አልታየም" የምትለዋን ቃል ለብቻዋ አልጽፍም። "ቡፌው ስላልተነሳ ከጀርባው ያለው አልተፈተሸም" እላለሁ። ሻጮች ቅር ይላቸዋል፣ ደላሎች ይባስ ይቆጣሉ። አንዱ "አንተ ገበያ ትዘጋለህ" ብሎ ስልክ ቁጥሬን አጥፍቶታል። ቀድሜ ደውዬም "ካየሁ በኋላ ነው ቡና የምጠጣው" እላለሁ። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።

በቀጣዩ ነሐሴ እትዬ ቡና ጠሩኝ። ስደርስ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጥሬው ቡና ግን ምጣዱ ላይ አልወጣም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

"ግባ" አሉኝ፣ ግድግዳውን በአገጫቸው እያሳዩ። "መጀመሪያ አሽትት፣ ከዚያ እቆላለሁ።"