ካቴና ላጸዳ ገብቼ ፍሪሲዮን ጠግኜ ወጣሁ

ሞተር ሳይክል የለመድኩት ሐዋሳ፣ በአጎቴ ሞተር ነው። ትንሽ ናት፤ ፍሪሲዮኗ፣ ማለትም ማርሽ ስትቀይር ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው፣ በሽቦ ነው የሚሠራው። ሽቦው ሲላላ ታጠብቀዋለህ፣ ሲበጠስ ትቀይረዋለህ፣ አለቀ። ሥራ ስትጨርስ ደግሞ መሪው ላይ ያለውን የፍሪሲዮን ማንሻ ጨበጥ ለቀቅ እያደረግክ ትሞክረዋለህ። ጉድ የሠራችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ልማድ ናት።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ካቻምና ያገለገለ የ2006 (እ.ኤ.አ.) ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 1000 ገዛሁ። የዚህኛው ፍሪሲዮን ሽቦ የለውም፤ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። መሪው ላይ በግራ በኩል ትንሽ ፖምፓ አለች። ማንሻውን ስትጨብጥ ዘይቱን በቱቦ ወደ ታችኛው ፖምፓ ትገፋለች። የታችኛው ፒስተን ደግሞ ረጅም ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ሞተሩን አቋርጦ በቀኝ በኩል ያለውን ፍሪሲዮን ይለያል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን የታችኛውን ፖምፓ የት አስቀመጡት? የፊተኛው የካቴና ጥርስ ክዳን ላይ! የካቴና ቅባትና አፈር ተለውሶ የሚጋገርበት ቦታ። እዚያ ያለውን ቆሻሻ ላጽዳ ካልክ ፖምፓውን መፍታትህ አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ፖምፓውን ፈትቼ ከነቱቦው ወደ ጎን አደረግኩት፣ ክዳኑን አወረድኩ። ጥቁሩን ጭቃ በካቻቢቴ ፈቀፈቅኩ፣ በነጭ ጋዝ አጠብኩ። ፖምፓውን ሳልመልስ ቡና መጣ። ሲኒዬን በቀኝ እጄ ይዤ፣ ወሬ እየሰማሁ፣ ግራ እጄ ሳላዝዘው ማንሻውን ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ ማድረግ ጀመረ። ድንገት ማንሻው ቀለለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ፒስተኑ ከቤቱ ወጥቶ መሬት ወድቋል፤ ዘይቱ ሻሲው ላይ እየወረደ ነው።

ስለ ሞተር የማማክራቸው ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የፍሪሲዮኑ ፒስተን ወጣ።»

«ፖምፓው ተፈቶ ሳለ ማንሻውን ነካኸው?»

«ነካሁት።»

ትንሽ ዝም አሉ። «በል መጀመሪያ የፈሰሰውን በውሃ እጠበው። ፒስተኑ ላይ ያለውን ጎሚኒ ደግሞ ቤንዚን እንዳታስነካው!»

ውሃው ለቀለሙ ነው። እዚህ ፖምፓ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 4 የሚባለው ነው፤ ቀለም ይልጣል። ደግነቱ ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ቶሎ ካፈሰስክበት ይለቃል። የጎሚኒው ነገር ነው ያላወቅኩት። ለፍሬን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ ወይም የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል። እኔ ደግሞ እዚያው አጠገቡ በነጭ ጋዝ ሳጥብ ነበር። አዲስ ጎሚኒ አዘዝኩና ጥቂት ቀን ጠበቅኩ። ፒስተኑንና ቤቱን ያጸዳሁት በራሱ በፍሬን ዘይት ነው። ግድግዳው አለመጫሩን በባትሪ አይቼ፣ ጎሚኒውን ዘይት ቀብቼ፣ ከንፈሩን ወደ ዘይቱ አዙሬ አስገባሁት።

ከዚያ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት መጣ። መጀመሪያ ታንከሩን በእርጥብ ፎጣ ሸፈንኩ፤ አንድ ጥፋት ይበቃኛል። የላይኛው ፖምፓ ክዳን ብሎኖች ለስላሳ ናቸው፣ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ጥርሳቸውን ይበላዋል። ታች ያለችው ማስተንፈሻ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ሰካሁና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ማንሻውን ጨብጦ መያዝ፣ ማስተንፈሻዋን በባለ 8 ቁልፍ ትንሽ መክፈት፣ መዝጋት፣ ከዚያ ማንሻውን መልቀቅ። ሳትዘጋ ከለቀቅክ አየሩን መልሰህ ትስባለህ። የላይኛው ዘይት ካለቀም እንደገና ከዜሮ ነው። መጀመሪያ የወጣው ሻይ ይመስል ነበር። ይህ ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ የእኔ መቼ እንደተቀየረ እግዜር ይወቀው። አንድ ሰዓት ያህል ለፋሁ። ማንሻው ግን አሁንም ልፍስፍስ ነበር። ማታ ከመሪው ጋር አስሬው አደርኩ፤ ጠዋት ስፈታው ጠንከር ብሎ አገኘሁት።

ዘይቱን እስከ አፉ ልሞላ ስል ጋሼ አስቆሙኝ። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ዘይቱ ይወርዳል፤ የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ ግን ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ዘይቱ ከፍ ይላል። ቦታ ሊተውለት ይገባል። ሌላው ደግሞ፣ ከመሙላትህ በፊት ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። አንዳንድ የኬቲኤም ሞተሮች የፍሪሲዮን ፖምፓ የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፤ እዚያ ዶት 4 ካደረግክ ጎሚኒው ይበላሻል።

አሁን ፖምፓውን ስፈታ መጀመሪያ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍቼ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስረዋለሁ። ማንሻው ላይ ደግሞ ቀይ ጨርቅ እጠመጥማለሁ፤ ለግራ እጄ ማስጠንቀቂያ ነው። ጓደኛዬ ቡና ሲያመጣ እሷን እያየ ይስቃል።

በዚህ ሁሉ ግርግር ካቴናውን ማጥበቅ ረስቼዋለሁ።